የአንጓች አርባ ውሎ

ይህ ነገር የሆነበትን ከተማ ስም አልጽፍም። ብጽፈው ከተማዋ «ስም ተመሳስሎበት ነው፣ ሌላ ከተማ ነው» ብላ ታመልጠኛለች። ካልጻፍኩት ግን የየከተማው ሹማምንት ሁሉ «እኛን ነው» ብለው ይቆጣሉ። የሚቆጡኝ ሰዎች በበዙ ቁጥር በደንብ መጻፌን አውቃለሁ።

ከተማዋን ጥልቅ ሸለቆ ለሁለት ይከፍላታል። ወዲህ ማዶ ፀሐይ ገና በማለዳ ትደርሳለች። ከወዲያ ማዶ ጀርባ ግን ትልቅ ገደል ስለቆመ ፀሐይ የምትደርሰው ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው። የወዲህኞቹ «ፀሐዮች»፣ የወዲያኞቹ «ጥላዎች» ይባላሉ። እኔ ፀሐይ ነኝ። ይህን የምናገረው ልኮራበት አይደለም፤ ወደፊት የማወራው ስህተቴ ከየት እንደመጣ ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው።

ሁለቱን ማዶዎች የሚያገናኛቸው አንድ የገመድ ድልድይ ብቻ ነው። ገመድ ይላላል፣ ያልቃል፣ ይበጠሳል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጠግኑት ሰዎች አሉ። ገመድ ጠጋኞቹ በሙሉ ጥላዎች ናቸው ማለት ይቻላል፤ አለቃቸው ግን ምንጊዜም ፀሐይ ነው። እንዲህ ይሁን የሚል የተጻፈ ሕግ የለም። ከተማችን ክፉ ነገር በጽሑፍ አታስቀምጥም፤ ጨዋ ናት።

ከማይጻፉት ነገሮች አንዱ ሰላምታ ነው። እኛ ፀሐዮች እርስ በርሳችን ስንገናኝ ጠዋት «እንዴት አደርክ»፣ ከሰዓት በኋላ «እንዴት ዋልክ» እንባባላለን። ጥላ ስናገኝ ግን ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን «እንዴት አደርክ» ነው የምንለው። ምክንያቱም፣ ይባላል፣ ፀሐይ ያልወጣችለት ሰው ቀን አልዋለለትም፤ ቀን ያልዋለለት ሰው ደግሞ ገና ከመኝታው እንደተነሣ ይቆጠራል። በዚያም ማዶ ፀሐይ እንደምትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዎቹ ልብስ ያሰጣሉ፣ በርበሬ ያደርቃሉ። ይህን በሰው መሐል መናገር ግን ነውር ነው።

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰዋስው አስተምሬአለሁ። የትምህርት ቤታችን ሹም ስለ መምህራን የዕረፍት ቀን ባወጣው ማስታወቂያ ላይ «ይቆጠርላቸዋል» ማለት ሲገባው «ይቆጠርባቸዋል» ብሎ ስለጻፈ፣ አንዲት ፊደል የሰውን ዕድሜ ልትበላ እንደምትችል በተማሪዎቹ ፊት በኃይለ ቃል አስረዳሁት። ከዚያ ወዲህ ከበደል ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ አቤቱታ እጽፋለሁ። በደል ቤት ማለት «በትውልድ ማዶዬ ምክንያት ከሌላው አሳንሰው አዩኝ» የሚል ሰው የሚከስበት ቤት ነው። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ የፈረደው አንድ ጊዜ ነው። የፈረደውም አሸናፊው ከሞተ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መዳፎቿ በገመድ የተላጉ አንዲት ሴት ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ከአኳኋኗ ከወዲያ ማዶ መሆኗን አወቅሁ።

«እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«ይመስገን» አለች። ስሟ አንጓች ነው። «መምህር፣ አቤቱታ ይጽፉልኛል?»

«ምን አደረጉሽ?»

«አሥራ አራት ዓመት ድልድዩን የጠገንኩት እኔ ነኝ። አለቃችን ሲሞቱ ቦታው ለእኔ ነበር የሚገባው። ለአድማሱ ሰጡት።»

«አድማሱ ማነው?»

«የጫማውን ማሰሪያ ሚስቱ ናት የምታስርለት።»

«ምክንያታቸው ምንድን ነው?»

«በደብዳቤው ላይ ‹ብቁ ሆና አልተገኘችም› ይላል። በአፋቸው ግን የድልድዩ ሹም፣ ጌታ ቢሻው፣ ‹ጥላ የገመደው ገመድ አይደርቅም› ነው ያሉኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እርጥብ ገመድ ላይ ሲሄዱ ኖረዋል ማለት ነው።»

ብዕሬን አነሣሁ። «ይህ የሆነው መቼ ነው?»

«ዛሬ ሃምሳ አንድ ቀኑ ነው።»

ብዕሬን መልሼ አስቀመጥኩ። በበደል ቤት ሕግ አቤቱታ የሚቀርበው በአርባ ቀን ውስጥ ነው። ለምን እንደዘገየች ጠየቅኳት።

«ሹሙ ‹ነገሩን እንደገና አየዋለሁ፣ ነገ ነይ› አሉኝ። በማግሥቱ ሄድኩ። ‹ነገ ነይ› አሉኝ። ሃምሳ ጊዜ ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ዛሬ ጠዋት ‹ጊዜሽ እኮ አልፏል፤ ለምን ቀደም ብለሽ አልከሰስሽኝም?› አሉኝ። አዘኑልኝ ደግሞ። ውሃ አስመጡልኝ።»

ስለ መዘግየት ያለውን ሕግ ነገርኳት። የዘገየ ሰው ከጊዜ ቤት ማራዘሚያ መጠየቅ ይችላል፤ ሲጠይቅ ግን የሥራ መሣሪያውን በመያዣ ያስቀምጣል። ማራዘሚያው ተከልክሎ ነገሩ በዚያው ከጸና መሣሪያው አይመለስም፤ ባለቤቱም ሙያውን ዳግመኛ አይሠራም። የሕጉ ማብራሪያ «ያረጀ በደል የያዘ እጅ ለሥራ አይታመንም» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ሐውልት አለው።

አንጓች ከመቀነቷ ወስፌ አወጣች። ገመድ የሚፈለቀቅበትና የሚሰካካበት፣ እጀታው የአጋዘን ቀንድ የሆነ ወስፌ ነው። ቀንዱ ላይ የአውራ ጣቷ ቅርጽ ጎድጉዶ ይታያል።

«ይህ ከሄደ እጄ ምን ይሠራል?» አለች።

«ባትጠይቂስ?»

«ባልጠይቅ የአድማሱን ቋጠሮ ስፈታ እኖራለሁ።» ወስፌውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይጻፉ።»

ጻፍኩ። ቅጹ የዘገየችበትን ምክንያት ቀን በቀን ይጠይቃል፤ ለቀናቱ የተሰመሩት መስመሮች ግን አርባ ናቸው። ከአርባ ቀን በላይ የዘገየ ሰው የቀሩትን ቀናት የሚጽፍበት ቦታ የለውም። በኅዳጉ ላይ ጻፍኳቸው። «ኅዳግ አቆሽሸሃል» ተብዬ እንደገና ጻፍኩ።

የጊዜ ቤቱ ዳኛ «ቀን ቆጣሪ» ይባላል። በቀጠሮው ቀን ከፊቱ ቆምን።

«የጊዜ ማራዘሚያ የሚጠየቀው መቼ ነው?» አለኝ።

«ጊዜው ሲያልፍ ነዋ» አልኩ።

«አይደለም። ያለፈ ጊዜ አልቋል፤ ያለቀ ነገር አይራዘምም። የሚጠየቀው ጊዜው ሳያልፍ ነው።»

«ጊዜው ካላለፈ ማራዘሚያ ምን ያደርጋል?»

«ምንም አያደርግም። ስለዚህ ሳያልፍ የሚመጡትንም እንመልሳቸዋለን።»

«ክቡር ቀን ቆጣሪ፣ ያዘገያት እኮ ሹሙ ራሱ ነው! ሃምሳ ጊዜ ‹ነገ ነይ› ብሏታል!»

«ሹሙ እዚህ ቤት አልተከሰሱም። እዚህ የምትጠየቀው ዘግይታ የመጣችው ናት።»

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን በሙሉ አልጽፈውም። ፀሐይን በኪሱ ይዞ የሚዞር የሚመስለው ሰው ቀን ሊቆጥር ቀርቶ ጣቶቹን መቁጠር እንደማይችል ገልጫለሁ። ቀን ቆጣሪው በጥሞና ካዳመጠኝ በኋላ «ይህ ሰው ከእንግዲህ በማናቸውም ችሎት ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ እንዳይናገር» ብሎ አዘዘ።

«ይህ ግፍ ነው!» አልኩ።

«አንድ» አለና ጣቱን አነሣ።

ዝም አልኩ። ውሳኔው ተነበበ። «አርባው አልፏል። ማራዘሚያው ተከልክሏል።» የአንጓች ወስፌ ሣጥን ውስጥ ገባ፣ ሣጥኑም ተቆለፈ።

ወደ ውጭ ስንወጣ ንዴቴ መውጫ አጥቶ በእሷ ላይ ወጣ። «ሃምሳ ቀን!» አልኳት። «ሃምሳ ቀን ሙሉ ‹ነገ ነይ› ስትባይ ቀኑ ሲውል፣ ሲውል፣ ሲውል አላየሽም? ሕፃን ነሽ?»

አንጓች አልተቆጣችም። ባዶ መቀነቷን ዳሰሰች። «የኔ ቀን መቼ ይውልና፣ መምህር?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ የመጣሁ ዕለት ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዘጠኝ ሰዓት። ከሰዓት በኋላ።»

«ምን ነበር ያሉኝ?»

ምን እንዳልኳት ትዝ አለኝ።

«ለሰላምታ ሲሆን ቀኔ አልዋለም» አለች። «ለክስ ሲሆን አርባ ዋለብሽ ትሉኛላችሁ። አንዱን ምረጡና ቁርጡን ንገሩኝ።»

ስቆጣ የምቆጣው ሰው ሁልጊዜ ከፊቴ ነበር። ያን ቀን ግን ዘወር ዘወር ብዬ ብፈልግ ከራሴ በቀር ማንንም አላገኘሁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሁሉ ቃላትን እየመረጠ እንዲናገር ሳስተምር፣ እኔ ግን ያን ቃል ሳልመርጠው ከአፌ ይወጣ ነበር።

ቤቴ ሄጄ የበደል ቤትን ሕግ አወጣሁ። ሃያ ጊዜ ያነበብኩት አንቀጽ ነው። ለሃያ አንደኛ ጊዜ ሳነበው ሕጉ «አርባ ቀን» እንደማይል አየሁ። የሚለው «አርባ ውሎ» ነው። «በደሉ ከደረሰ በኋላ የተበዳዩ አርባ ውሎ ሳያልፍ» ይላል። የጥንቱ ሕግ አውጪ ምናልባት ቃሉ ስላማረው ይሆናል የጻፈው። እኔም ቃሉ አማረኝ።

የቀረን አንድ መንገድ ይግባኝ ነበር። በከተማችን ይግባኝ ለማለት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ለማግኘት ይግባኙ ሊያሸንፍ የሚችል መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። ስለ ይግባኙ በፈቃድ ቤት መናገር ግን የይግባኝ ቤቱን ሥልጣን መጋፋት ስለሆነ ክልክል ነው። በፈቃድ ቤት መናገር የሚቻለው በፈቃድ ቤቱ በራሱ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ነገር ብቻ ነው። አመልካች ደግሞ ወደ ቤቱ የሚገባው ገና ያን ዕለት ስለሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ስለ እሱ የሰፈረ ነገር የለም።

ፈቃድ ቤት የቆመው ሸለቆው መሐል፣ ድልድዩ በሚያርፍበት የድንጋይ ዓምድ ላይ ነው። ከሁለቱም ማዶ እኩል እንዲርቅ ታስቦ ነው ይባላል፤ በእርግጥም ከሁሉም ሰው ይርቃል። ዳኛው «በር ከፋች» ነው የሚባሉት። በአሥራ አንድ ዓመት የፈቃዱን በር የከፈቱት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን ጊዜ የከፈተው ነፋስ ነው የሚሉም አሉ። ጸሐፊያቸው ልሳኑ ይባላል። ዳኛው ቢያስሉ «አሳሉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። በዚያ ቤት የተጻፈ አይፋቅም።

ልሳኑን ከቀጠሮው በፊት ሄጄ አናገርኩት።

«ፀሐዮች ለጥላዎች ስለሚሰጡት ሰላምታ በመዝገባችሁ የተጻፈ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ!»

«ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ማን ይጽፈዋል?» አለ ልሳኑ።

«ዳኛው ችሎት ሲከፍቱ ለባለጉዳዩ ሰላምታ ይሰጣሉ አይደል? እሱስ ይጻፋል?»

«ቃል በቃል።» ልሳኑ ቀና ብሎ አየኝ፤ የምፈልገው ገብቶታል። «ግን መምህር፣ የምንቀመጠው ጠዋት ነው። ጠዋት ለፀሐይም ለጥላም ‹እንዴት አደርክ› ነው።»

«ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ አታውቁም?»

«እኔ ከገባሁ ወዲህ የለም። ድልድዩ ደህና እስከሆነ ድረስ እሳቸው ዘግይተው አያውቁም።»

ተስፋ ቆርጬ ተመለስኩ። ለአንጓች ስነግራት ሳቀች። «ድልድዩ ደህና ነው ያለው ማነው?» አለች።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በፀሐይ ማዶ ካለው የድልድዩ አፍ ላይ ተገኘን፤ አንጓች ድልድዩን ስላላመነችው ከዋዜማው ተሻግራ ወዲህ ማዶ አድራ ነበር። በር ከፋቹ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። የድልድዩ ሹም ቢሻው ካባውን ደርቦ አጠገባቸው አለ። አዲሱ አለቃ አድማሱ ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክኮ አንድ ቋጠሮ ይጎትታል። ድልድዩ ከዚህ ጫፍ እስከ ዓምዱ ድረስ እንደ ተሰጣ ነጠላ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከዓምዱ ወዲያ ያለው፣ አንጓች በፊት የጠገነችው ግማሽ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ በር ከፋቹ።

«ምንም አልሆነም፣ ክቡርነትዎ» አለ አድማሱ። «ገመዱ ደርቋል። በጣም ከመድረቁ የተነሣ ነው የተበጠሰው።»

በር ከፋቹ ዞር ብለው እኔንም አንጓችንም «እንዴት አደራችሁ» አሉን። ጠዋት ስለነበር ማንም ምንም አላለም።

ልሳኑ መዝገቡን ብብቱ ሥር እንደያዘ ሕጉን አስታወሰን። ዳኛው በቀጠሮው ዕለት ሳይቀመጡ ቀኑ ከመሸ ባለጉዳዩ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ማመልከቻውም ይዘጋል።

«ዳኛው ሳይመጡ ሲቀሩ የምትቀረው እሷ ናት?» አልኩ።

«ዳኛ አይቀርም» አለ ልሳኑ። «እንዲህ ነው የተጻፈው።»

አድማሱ እስከ ሦስት ሰዓት ታገለ። ያሰረው ይላላል፤ ያላላው ይጠብቃል። በመጨረሻ የራሱን እጅ ከገመዱ ጋር አሰረና ፍቱልኝ አለ። አንጓች ሄዳ ፈታችው።

«ልትጠግኚው ትችያለሽ?» አሏት በር ከፋቹ።

«እችላለሁ። ወስፌ የለኝም።»

«የት ሄደ?»

«ጊዜ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው። እርስዎ ዛሬ ፈቃድ ቢከለክሉኝ እዚያው ይቀራል።»

ሽማግሌው ዳኛ ወደ ተንጠለጠለው ድልድይ አዩ። «አምጡላት» አሉ።

ሹሙ ቢሻው ጎንበስ ብሎ «ክቡርነትዎ፣ ጥላ የነካው ገመድ እርጥብ ነው የሚሆነው» አላቸው።

«እርጥብም ሆነ ደረቅ፣ እኔ የምፈልገው የሚሸከመኝን ነው።»

ልሳኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የውሰት ወረቀት ጻፈ። «ድልድዩ ተጠግኖ እስኪያልቅ ድረስ ወስፌው ለአንጓች በውሰት ተሰጥቷል» ይላል። ወስፌው መጣ። አንጓች አውራ ጣቷን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈችና ወደ ገመዱ ወጣች።

በወዲያ ማዶ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። አንዱ «አንጓች፣ ተዪው! እዚያው ይደሩ!» ብሎ ጮኸ። ሌላዋ «አድማሱን ድልድይ አድርገሽ አንጥፊው!» አለች። ሳቁ ሸለቆውን ሞላው።

«እነሱ እዚያ ካደሩ ማን ፈቃድ ሊሰጠኝ ነው?» አለች አንጓች ከገመዱ ላይ። «ዝም በሉና ያንን ጫፍ ያዙልኝ!»

ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች፤ አለፈች። እሷ የአድማሱን ቋጠሮ አንድ በአንድ እየፈታች፣ ገመዱን በወስፌው እየፈለቀቀች፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየሰካካች ቀረበች፣ ራቀች፣ ተመለሰች። ከእግሯ በታች ምንም አልነበረም። እኔ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። በር ከፋቹም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለታችንም አንድ ሴት ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ስናይ ዋልን።

ከአሥር ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ «እለፉ» አለች።

አለፍን። ገመዱ አልተንቀሳቀሰም። በር ከፋቹ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ቢሻው በቀኝ፣ እኛ በግራ ቆምን። ልሳኑ ብዕሩን ነከረና «ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ችሎት ተከፈተ» ብሎ እየተናገረ ጻፈ። በር ከፋቹ ሕጉ እንደሚያዘው ለባለጉዳዮቹ ሰላምታ ሰጡ። ወደ እኔ ዞረው «እንዴት ዋሉ፣ መምህር?» አሉኝ። በዚያው ትንፋሽ ወደ አንጓች ዞሩና «እንዴት አደርሽ?» አሏት።

እጇ ላይ የገመዱ ቃጫ እንዳለ ነው። ላቧ አልደረቀም። ሰውየው የመጡት በእሷ ቀን ላይ እየተራመዱ ነው። አፌን ስከፍት አንጓች እግሬን በተረከዟ ረገጠችኝ። የተፈቀዱልኝ ዐረፍተ ነገሮች ሁለት መሆናቸውን ከእኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች።

ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ልሳኑ እስኪጽፍ ጠበቅሁ። ብዕሩ ሲቆም ጀመርኩ።

«ክቡርነትዎ፣ በዚህ ቤት መዝገብ ላይ አሁን እንደሰፈረው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እኔ የዋልኩ፣ አንጓች ግን ገና ያደረች ከሆነች፣ የእሷ ቀን አልዋለም፤ ካልዋለ ደግሞ ሕጉ ከሚጠይቃት አርባ ውሎ አንዱም አላለፈም።»

«አንድ» አለ ቢሻው። ከቀን ቆጣሪው ሳይሰማ አልቀረም።

«ቀኗ እንደኛው ቀን የዋለ ከሆነ ግን፣ ለሁለታችን በአንድ ትንፋሽ የተለያየ ሰላምታ ያሰጠዎት ምን እንደሆነ ይንገሩን፤ እኛ ልንከሰው የመጣነው እሱን ነውና።»

ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝምታ የከበደኝ ነገር የለም።

በር ከፋቹ ግንባራቸውን ዳበሱ። «ልሳኑ፣ አፌ ስቶ ነው። እሱን ሰርዘው።»

«አይፋቅም፣ ክቡርነትዎ።»

«ክቡርነትዎ» አለ ቢሻው፣ «ይሄ እኮ የሰላምታ ጉዳይ ነው! ማንም ሰው የሚለው ነው! ትርጉም የለውም!»

«ማንም ሰው የሚለው ነው» ብሎ ልሳኑ ጻፈ። ቢሻው አፉን በእጁ ያዘ። ያ ያልተጻፈ የሰላምታ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ሰፈረ፤ ያስጻፈውም የምንከሰው ሹም ነው።

ሽማግሌው ወደ አንጓች ዞሩ። ምን እንደሚያስቡ አላወቅሁም። ፈርቼ ነበር። ወስፌው በመቀነቷ ላይ ነበር፤ እጇም ወስፌው ላይ።

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የተባልሽው?» አሏት።

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«እኔስ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«ድልድዩ በየዓመቱ ሲመረቅ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ገመዱን ይዤልዎት እቆማለሁ። በየዓመቱ ብለውኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰላምታ ነዋ፣ ክቡርነትዎ። ለሰላምታ የሚመለሰው ይመስገን ነው።»

በር ከፋቹ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ፣ ሰው ያላሰበውን ሲጠይቅ በሚወጣ ድምፅ፣ «ዛሬስ የት ዋልሽ?» አሏት።

አንጓች በመስኮቱ ወደ ድልድዩ አመለከተች። «እርስዎ የተሻገሩበት ላይ።»

የልሳኑ ብዕር ቆመ። «ክቡርነትዎ፣ ‹ዋልሽ› ብለዋል። ልጻፈው?»

ሽማግሌው ራሳቸው የተናገሩትን ገና መስማታቸው ነበር። ወደ ድልድዩ አዩ፣ ወደ እጆቿ አዩ። «ጻፈው» አሉ። «ከሥሩም ይህን ጻፍ። አመልካቿ ይግባኝ እንድትል ፈቅጃለሁ። አርባው ውሎ ስለማለፉ ይህ ቤት ምንም ማስረጃ አላገኘም። በዚህ ቤት መዝገብ የአንጓች የመጀመሪያ ውሎ ዛሬ ነው።»

ወንበራቸው ጀርባ ያለችውን የፈቃድ በር ራሳቸው ተነሥተው ገፏት። ማጠፊያዋ ዝጎ ስለነበር አልከፈት አለች። አንጓች ሄዳ አብራቸው ገፋች። ተከፈተች። የከፈታት ነፋስ አለመሆኑን ሁላችንም አየን።

ቢሻው ካባውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። «ወስፌውስ? ይግባኙ እስኪወሰን ወደ ሣጥኑ መመለስ አለበት።»

ልሳኑ የውሰቱን ወረቀት አውጥቶ አነበበ። «‹ድልድዩ ተጠግኖ እስኪያልቅ ድረስ› ይላል።» ወደ አንጓች ዞረ። «አልቋል?»

«ይህ ድልድይ?» አለች አንጓች። «አያቴም አልጨረሱት። ነገ ጠዋት ደግሞ የዚያኛውን ጫፍ ማየት አለብኝ።»

«አላለቀም» ብሎ ልሳኑ ጻፈ።

ይግባኝ ቤቱ ምን እንደሚወስን አላውቅም። እዚያም ቅጽ ይኖራል፣ መስመሮቹም ያንሳሉ። አርባው ውሎዋ ገና መጀመሩ ስለተጻፈ ግን፣ ይግባኙን ሳንጠብቅ አቤቱታዋን በማግሥቱ ጠዋት አስገባን። በደል ቤት ሲከፈት በሩ ላይ የነበርነው እኛ ነን፤ የደረሰችውም በሁለተኛው ውሎዋ ነው። ከኋላችን አሥራ ሰባት ጥላዎች ተሰልፈው ነበር። አንዳንዱ በደሉ ሃያ ዓመት የሞላው ነው። ቀናቸው አልዋለም ተብለው የኖሩ ሰዎች ናቸውና ጊዜያቸው ገና ነው። ጠረጴዛዬን ማስፋት ሊኖርብኝ ነው።

ያን ዕለት ግን፣ ከፈቃድ ቤት ከመውጣታችን በፊት፣ ልሳኑ ደንቡ የሚያዘውን የመጨረሻ ማሳሰቢያ አነበበላት። አንገቱን መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀረ፣ «አንጓች፣ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ውሎሽ ይቆጠርብሻል» አላት።

«ይቆጠርልኝ» አለች።

ልሳኑ ቀና አለ። በማሳሰቢያው ቅጽ ላይ ለመልሷ የታተመው «ይቆጠርብኛል» ነበር። እሷን አየ፣ ቅጹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «መምህር፣ የትኛው ነው ትክክሉ?»

ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮቼን ጨርሼ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻልኩም። ልሳኑ ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ብዕሩን ነከረ፣ የታተመውን በአንድ መስመር ሰረዘ፣ እሷ ያለችውንም በላዩ ጻፈ። የታተመ ይሰረዛል። በእጅ የተጻፈ ግን በዚያ ቤት አይፋቅም።